በውጭ የሚታይና በውስጥ የሚሰማ እንቅስቃሴ፦ ሁለት የረቂቅ ጥበብ ስልቶች በሐኪም ዓይን

ቪክቶር ቫሳሬሊ እ.ኤ.አ. በ1906 በሀንጋሪ ተወለደ። በ1925 በቡዳፔስት የሕክምና ትምህርት ቢጀምርም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አቋርጦ ወደ ሥዕል ትምህርት ገባ። በ1930 ወደ ፓሪስ ተሻግሮ በማስታወቂያ ሥዕል ሥራ ሲተዳደር ቆይቶ፣ የዓይንን አሠራር የሥዕላቸው መሠረት ካደረጉ ሠዓሊያን ግንባር ቀደሙ ለመሆን በቃ።

በ1955 በፓሪስ የሚገኘው የዴኒዝ ሬኔ ጋለሪ «እንቅስቃሴ» የተሰኘ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀ። በዚያ ከቫሳሬሊ ጋር ስዊዘርላንዳዊው ዣን ቲንግሊና ቬነዙዌላዊው ኼሱስ ራፋኤል ሶቶ ሥራዎቻቸውን አቀረቡ። ኪነቲክ አርትና ኦፕ አርት የሚባሉት ሁለቱ ስልቶች በታሪክ የሚገናኙት በዚህ መድረክ ነው።

በኪነቲክ አርት እንቅስቃሴው እውን ነው፤ የቲንግሊ ሥራዎች በሞተር የሚሽከረከሩ ናቸው። በኦፕ አርት ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እንግሊዛዊቷ ብሪጅት ራይሊ በ1961 በሣለችው «እንቅስቃሴ በአራት ማዕዘኖች» ላይ ጥቁርና ነጭ ቅርጾች እየጠበቡ ስለሚሄዱ፣ ጠፍጣፋው ሸራ ወደ ውስጥ የታጠፈ መስሎ ይታያል። ስልቱ ሰፊ ዕውቅና ያገኘው በ1965 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በተካሄደው ዐውደ ርዕይ ነበር።

ዓይን አንድን ነጥብ ትኩር ብሎ ሲመለከት እንኳ ፈጽሞ አይረጋም። ጥቃቅን እንቅስቃሴዎቹና በሬቲና ላይ የሚቀረው የምስል አሻራ ተደራርበው፣ ጥቅጥቅ ያሉ መስመሮች የሚርገበገቡ እንዲመስሉ ያደርጋሉ። እንዲህ ያሉ መስመሮች ማይግሬን ላለባቸው ሰዎች ምቾት ሊነሱ፣ ለብርሃንና ለመስመር ምስሎች ስሱ በሆኑ የሚጥል በሽታ ታማሚዎች ላይም መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

የሁለቱ ስልቶች ልዩነት ለሙያችን እንግዳ አይደለም። የኪነቲክ ሥራን እንቅስቃሴ፣ በምርመራ እንደሚገኝ የሕመም ምልክት፣ ማንም በአጠገቡ የቆመ ያረጋግጠዋል። የኦፕ አርትን ግን፣ ታማሚው ብቻ እንደሚያውቀው ስሜት፣ የሚመሰክረው ተመልካቹ ራሱ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ማርክ አምስለር ለዚህ ምስክርነት ተገቢውን ክብር ሰጥቷል። በስሙ የሚጠራው ባለ መስመር ሰሌዳ ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ አሉበት፤ የማኩላ ሕመም ያለበት ሰው ግን ጠማማ አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። «በሩ ተጣመመብኝ» የሚለውን ታማሚ፣ በሩ ቀጥ ያለ መሆኑን አይተን በማጽናናት ብቻ ብናሰናብተው፣ በጊዜው ሊታከም የሚችል ዓይን ሊጠፋ ይችላል።