ዕድሜና የብርታት እንቅስቃሴ በወንዶች የኮርቲሶል መጠን ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

ኮርቲሶል ሰውነት አካላዊም ሆነ አእምሯዊ ጫና ሲገጥመው ከኩላሊት በላይ ከሚገኙት አድሬናል እጢዎች በብዛት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። የደም ስኳርንና የደም ግፊትን በማስተካከል ረገድ ለሕይወት አስፈላጊ በመሆኑ፣ በተለምዶ እንደሚታሰበው በራሱ ጎጂ አይደለም። ጉዳት የሚያስከትለው ጫናው ካለፈ በኋላም መጠኑ ሳይቀንስ ሲቆይ ነው።

በጤናማ ሰው የኮርቲሶል መጠን ከእንቅልፍ በሚነቃበት ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፤ እኩለ ሌሊት ገደማ ደግሞ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። መጠኑ ሲበዛ አንጎል ምርቱ እንዲገታ ያደርጋል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ የመግቻ ሥርዓት ስለሚዳከም የምሽቱ መጠን እንደ ወጣትነት ዘመን ዝቅ አይልም። ጫና ሲያጋጥም የሚታየው የዕድሜ ልዩነት በሴቶች ላይ የጎላ ቢሆንም ወንዶችም ከለውጡ ነጻ አይደሉም። በተጨማሪም በወንዶች ጡንቻን የሚገነባው ቴስቶስተሮን ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ፣ ጡንቻን የሚያፈርሰው የኮርቲሶል ጫና ያመዝናል።

እንደ ሶምሶማ ሩጫና ብስክሌት ያሉ የብርታት እንቅስቃሴዎች ጠንከር ወይም ረዘም ሲሉ ኮርቲሶልን ለጊዜው ይጨምራሉ፤ ቀላል የእግር ጉዞ ግን እምብዛም አይጨምረውም። እንቅስቃሴ የሚያዘወትር ሰው ቀድሞ ይከብደው የነበረውን ርቀት ሲሸፍን የሰውነቱ ምላሽ ከበፊቱ ያነሰ ይሆናል። ያለ በቂ እረፍት የሚደረግ ከባድ ልምምድ በአንጻሩ እንቅልፍን ሊያዛባና ቴስቶስተሮንን ሊቀንስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየተንቀሳቀሱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሰውነት ሚዛንን የሚያጠናክሩ እንቅስቃሴዎችን ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን መጨመር ይኖርባቸዋል።

የኮርቲሶል ምርመራ በሐኪም የታዘዘለት ተገልጋይ ናሙና የሚሰጥበትን ሰዓት ማክበር ይኖርበታል፤ የጠዋቱ ናሙና ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ይወሰዳል። ማለዳ ሮጦ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ ሰው ያለ በሽታ ከፍ ያለ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። የሌሊት ጥበቃና ሌሎች የፈረቃ ሠራተኞችም የእንቅልፍ ሰዓታቸውን አስቀድመው ለሐኪሙ ማስረዳት ይገባቸዋል፤ የተለመደው የጠዋት መለኪያ ለእነርሱ ላይሠራ ይችላልና።

እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ይህንኑ ለሐኪሙ መግለጽ አለባቸው። መድኃኒቱ እጢዎቹ በራሳቸው እንዳያመርቱ ስለሚያደርግ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አስጊ ነው።