ኮሶ፡- የደጋው መድኃኒት ዛፍ ጥቅምና ጉዳት

ኮሶ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚበቅል፣ አበባው የኮሶ ትልን ለማስወጣት ለብዙ ዘመናት ሲያገለግል የኖረ አገር በቀል ዛፍ ነው። በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ዞን፣ ወደ 2 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው የደብረ ታቦር ከተማ አካባቢና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ተዳፋት ለዛፉ የሚስማማ አየር ጠባይ አላቸው። ኮሶ በአብዛኛው የሚበቅለው ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 እስከ 3 ሺህ 200 ሜትር ባለው ከፍታ ሲሆን፣ እስከ 20 ሜትር ሊረዝም ይችላል።

ዛፉ ወንዴና ሴቴ አለው። የሴቴው አበባ ቀላ ያለና በትልልቅ ዘለላ የሚንጠለጠል ሲሆን፣ ለመድኃኒትነት በይበልጥ የሚፈለገውም ይኸው ነው። አበባው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ መብላት በተለመደባቸው አካባቢዎች ኮሶን በየሁለት ወሩ ገደማ መጠጣት የቆየ ልማድ ነበር። ትሉና መድኃኒቱ በአንድ ስም መጠራታቸውም ሁለቱ በኅብረተሰቡ ዘንድ ምን ያህል ተያይዘው እንደኖሩ ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ዛፉን ከነሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለአውሮፓ አስተዋውቋል። በሳይንሳዊ አጠራር «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» የሚባለው ዛፍ የመጀመሪያ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የመድኃኒት ቅመማ ሊቅ ከካርል ጎትፍሪድ ሃገን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደረቅ አበባው ወደ አውሮፓ እየተላከ በልዩ ልዩ አገሮች የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ለመግባት በቅቷል።

በአበባው ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች

የኮሶ አበባ ኃይል የሚመነጨው የፍሎሮግሉሲኖል ዝርያ ከሆኑ ውህዶች ነው። ከእነዚህም ኮሶቶክሲን፣ ፕሮቶኮሲን፣ አልፋ ኮሲንና ቤታ ኮሲን በዋናነት ይጠቀሳሉ። በተለይ ኮሶቶክሲን ጡንቻን የሚያዳክም በመሆኑ፣ ትሉ ከአንጀት ግድግዳ ላይ ያለውን ይዞታ እንዲለቅ ያደርጋል። የአበባው የማስቀመጥ ባሕርይ ደግሞ የተላቀቀውን ትል ጠርጎ ያስወጣል። አበባው ከዚህ ሌላ ታኒንና መራራ ሙጫ አለው። ለረጅም ጊዜ የተከማቸ አበባ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ አዋቂዎች የዓመቱን አበባ ይመርጣሉ።

ከዛፉ የሚወጡ ውህዶች በባክቴሪያና በካንሰር ሕዋሳት ላይ ያላቸው ተጽእኖም በቤተ ሙከራ ተፈትሿል። ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ የታየ ውጤት በሰው ላይ ፈዋሽነቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም።

መርዛማነቱ

ትሉን የሚያዳክሙት ውህዶች መጠናቸው ሲበዛ ሰውንም ይጎዳሉ። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ብርቱ ተቅማጥ በብዛት የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን በዓይን ነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሲሆን፣ እስከ ዓይነ ስውርነት ሊያደርስ ይችላል። በኮሶ መመረዝ ምክንያት በዓይን ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በጽሑፍ ቀርበዋል። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ጽንስ ሊያስወርድ ስለሚችል ኮሶ መጠጣት የለባቸውም።

የአደጋው ዋና ምክንያት የመጠን ጉዳይ ነው። በአንድ እፍኝ አበባ ውስጥ ያለው የውህድ መጠን እንደ ዛፉ፣ እንደ መልቀሚያው ጊዜና እንደ አቀማመጡ ስለሚለያይ፣ አንዱን ሰው ያሻለው ልክ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ልዩነት በዓይን ግምት ወይም በምሬቱ መለየት አይቻልም።

በአሁኑ ጊዜ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት መድኃኒቶች መጠናቸው ተለክቶ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ስለሚሰጡ፣ የኮሶ ትል ያለበት ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄዱ ይመረጣል። ሥጋን አብስሎ መመገብ፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀምና እርድን በቄራ ማስመርመር ደግሞ በሽታውን አስቀድሞ ለመከላከል ያስችላሉ።

የዛፉ ህልውና

የኮሶ ዛፍ ግንድ ቀላ ያለና ለቤት ዕቃ ሥራ ተፈላጊ በመሆኑ፣ በእርሻ መስፋፋትና በጭፍጨፋ ምክንያት ቁጥሩ ተመናምኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል መድቦት ነበር።

የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ሐይቅ ስለሚፈስሱ፣ በተዳፋቱ ላይ እንደ ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን መትከልና መንከባከብ አፈሩን ከመሸርሸር ይታደጋል። ወንዴና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ስለሚያብቡ ዘር የሚገኘው ሁለቱም በአቅራቢያ ሲኖሩ ነው። ስለዚህ አበባ ለቃሚዎች በሴቴው ዛፍ ላይ ለዘር የሚሆን ዘለላ ማስቀረት፣ ችግኝ ተካዮችም ሁለቱን ጾታዎች አቀራርበው መትከል ይኖርባቸዋል።