በግድግዳ ውስጥ የተሸሸገው መጋጠሚያ

በአንድ መኖሪያ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለፈ የኤሌክትሪክ ገመድ በምስማር ቢወጋ ወይም በመሰርሰሪያ ቢበጠስ፣ ጥገናው ለብዙ ሰው ቀላል ይመስላል። ልስኑ ይፈለፈላል፤ የተበጠሱት ሽቦዎች ይጠመዘዛሉ፤ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ይጠቀለላሉ፤ ግድግዳው ተመልሶ ይለሰናል። መብራቱም ይበራል። ይሁን እንጂ የሙያው ደንብ ይህን አሠራር አይቀበልም። ክልከላው ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ከዘለቀና ብዙ ቤት ካቃጠለ ልምድ የተገኘ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለኤሌክትሪክ መጋጠሚያም የሚሠራ መሆኑን ይኸው ታሪክ ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1880 በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው ክራግሳይድ የተባለው የዊልያም አርምስትሮንግ መኖሪያ ቤት በጆሴፍ ስዋን አምፖሎች በራ። በ1882 ደግሞ የቶማስ ኤዲሰን የፐርል ስትሪት ማመንጫ ጣቢያ በኒው ዮርክ ሥራውን ጀመረ። በዚያ ዘመን የቤት ውስጥ ሽቦ በአመዛኙ በግድግዳው ገጽ ላይ የሚዘረጋ ነበር። ብዙ ጊዜም በተቦረቦረ እንጨት ውስጥ ተኝቶ በእንጨት ክዳን ይሸፈን ነበር። ክዳኑን አንሥቶ ሽቦውን መመርመር ቀላል ቢሆንም፣ እንጨቱ እርጥበት ሲገባው ፍሰት ያሾልካል፤ ሲደርቅም ለእሳት ማገዶ ይሆናል። ስለሆነም በዚያው በ1882 የእንግሊዝ የቴሌግራፍ መሐንዲሶችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ማኅበር ከኤሌክትሪክ መብራት የሚመጣውን የእሳት አደጋ ለመከላከል የመጀመሪያውን ደንብ አወጣ። በአሜሪካም ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ኮድ በ1897 ታወጀ። የእንግሊዙን ደንብ ያረቀቀው መንግሥት ሳይሆን የሙያ ማኅበር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሽቦው መንገድ በሁለት ተከፈለ። በአሜሪካ እስከ 1940ዎቹ ድረስ በሰፊው የተሠራበት ዘዴ፣ ነጠላ ሽቦዎችን በእንጨት ግድግዳው ባዶ ክፍተት ውስጥ በፖርሴሊን እንክብሎችና ቱቦዎች ደግፎ ማሳለፍ ነበር። መጋጠሚያው ያለ ሳጥን እዚያው አየር ላይ ይሠራል። ሆኖም ሠራተኛው ሽቦውን ከጠመዘዘ በኋላ በቀለጠ እርሳስና ቆርቆሮ ያጣብቀዋል፤ ከዚያም በጎማና በጨርቅ ይጠቀልለዋል። በጥንቃቄ የተሠራው ለብዙ አሥርተ ዓመታት አገልግሏል። ችግሩ የመጣው በአብዛኛው ከኋለኞች ጠጋኞች ነው። እነዚህ ሳያጣብቁ ጠመዘዙ፤ ተጨማሪ ጭነት ቀጠሉበት፤ አየር ያቀዘቅዘው የነበረውንም ክፍተት ሙቀት በሚያግድ ቁስ ሞሉት። ግድግዳው የጥሩውንም የመጥፎውንም ሥራ እኩል ሸፈነ።

ሁለተኛው መንገድ የቱቦ መንገድ ነው። በኤዲሰን ዘንድ ሠርቶ በኋላ በበርሊን ፋብሪካ ያቋቋመው ሲግመንድ በርግማን በብረት ልባስ የተሸፈነ የወረቀት ቱቦ ለገበያ አቀረበ። የብረትና የፕላስቲክ ቱቦዎችም በተራቸው ተከተሉ። በዚህ ዘዴ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ቱቦው እንጂ መጋጠሚያው አይደለም፤ ሽቦዎች የሚገናኙት ክዳኑ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። በመሆኑም የተጎዳው ሽቦ ከሳጥን እስከ ሳጥን ተስቦ ይወጣል፤ በእርሱም ፋንታ አዲስ ይገባል። ቱቦው ራሱ ካልተጎዳ በስተቀር ግድግዳው አይነካም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፒ.ቪ.ሲ. የተለበጠው ገመድ በብዙ አገሮች የጎማውን ተክቶ በቀጥታ በልስን ሥር መቀበር ጀመረ። ሥራው ረከሰ፤ ፈጠነም። ነገር ግን ሥዕል ለመስቀል የሚመታ ምስማር ሁሉ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሆነ። እንግሊዞች ለዚህ መፍትሔ ያደረጉት ጥልቀቱ ከ50 ሚሊሜትር በታች የሆነ ገመድ የሚያልፍበትን ቀጣና መወሰን ነው። ይኸውም ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን፣ አለዚያም ከግድግዳው አናት ወይም ከማዕዘኑ በ150 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የማይታየውን ገመድ በግምት ሳይሆን በሥርዓት ያገኘዋል።

የመጋጠሚያው አደጋ ምንጭ ጄምስ ጁል በ1841 ያሳወቀው ሕግ ነው። ሙቀት ከፍሰቱ ካሬና ከተቃውሞው ብዜት ይገኛል። የላላ መጋጠሚያ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ቢኖረውና 10 አምፔር ቢያልፍበት፣ የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ 50 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ከሁሉ የሚከፋው ፊውዙ ይህን አለማየቱ ነው። ፊውዝ የሚቆርጠው ፍሰት ከልክ ሲያልፍ ሲሆን፣ የላላ መጋጠሚያ ግን ፍሰትን አይጨምርም። ወደ መሬት የሚሾልክ ፍሰትን የሚጠባበቀው መቁረጫም ሾልኮ የሚሄድ ነገር ስለሌለ ዝም ይላል።

ለዚህ ታላቁን ማስረጃ የሰጠው የአሜሪካ የአሉሚኒየም ዘመን ነው። የመዳብ ዋጋ በመወደዱ ከ1965 እስከ 1973 ድረስ እጅግ ብዙ ቤቶች በአሉሚኒየም ሽቦ ተሠሩ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ገጹም ፍሰት በሚያግድ ኦክሳይድ ይሸፈናል፤ በብሎን ሲጠበቅም ቀስ በቀስ ይላላል። የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ ከ1972 በፊት በአሉሚኒየም የተሠራ ቤት የሶኬት መጋጠሚያው ለእሳት አስጊ ደረጃ ላይ የመድረሱ ዕድል ከመዳቡ 55 ጊዜ ይበልጣል። የታመመው ሽቦው ሳይሆን ጫፉ ነበር።

በአገራችንም ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ይታያሉ። በጭቃ ቤት ገመዱ ብዙ ጊዜ በግድግዳው ገጽ ላይ በምስማር ተይዞ ያልፋል፤ ለዓይን ባያምርም ጉዳቱ አይሰወርም። በብሎኬት ቤት ግን ግድግዳው ተፈልፍሎ ቱቦ ይቀበርና ይለሰናል። በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ቁጥር 10 ለሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የጽሑፍ መሠረት ጥሏል። ሆኖም ቱቦው በሲሚንቶ ከተደፈነ ወይም የሳጥኑ ክዳን በልስን ከተሸፈነ የቱቦው ጥቅም ሁሉ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው የጥገና ሥርዓት አጭር ነው። ኃይሉ ከዋናው ይቆረጣል፤ መቆረጡም በመሣሪያ ይረጋገጣል። ገመዱ በቱቦ ውስጥ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። የተቀበረ ከሆነ የተጎዳው ክፍል ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ ርዝመቱ ካልበቃም በሁለት ሳጥኖች መካከል ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ ይገባል። የሳጥኖቹ ክዳን ከግድግዳው ውጭ ይታያል። የመሬት ሽቦው ቀጣይነት ይለካል፤ ማገጃ ልባሱም በ500 ቮልት ተፈትኖ ቢያንስ 1 ሜጋኦም መስጠት አለበት። የእንግሊዝ ደንብ በልዩ መሣሪያ የተጨመቀ ወይም በቅልጥ የተጣበቀ መጋጠሚያ እንዲሸፈን ይፈቅዳል፤ በብሎን የሚጠብቀው ግን ለምርመራ የተገለጠ እንዲሆን ያዝዛል።

በ1999 የአሜሪካ ኮድ የብልጭታ ጉድለትን የሚለይ መቁረጫ በመኝታ ክፍሎች እንዲገባ ደነገገ፤ ድንጋጌው ከ2002 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። መሣሪያው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ሳይበለጭ የሚግለውን መጋጠሚያ ሁሉ አያገኝም። የሳጥኑ ክዳን የጥገናውን ሥራ ለሚቀጥለው ባለሙያ ያሳያል። ልስን የሸፈነው ሥራ ግን ምስክር የለውም፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ጢሱ ሲወጣ ነው። የሙያ ማኅበራት በ1882 የጀመሩት ጥበቃ ዛሬም የሚለካው በዚህች ትንሽ ክዳን ነው።