ከሂማላያ ግርጌ የተሰማ ብቸኛ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. በኔፓል ለመቶ ዓመት ያህል የቆየው የራናዎች አገዛዝ ወደቀ። ለውጭው ዓለም ተዘግታ የኖረችው አገርም በሯን ከፈተች። በዚያው ዓመት የቺካጎ ተወላጅ የሆኑት ኢየሱሳዊው አባ ማርሻል ሞራን በካትማንዱ ሸለቆ ዳርቻ፣ ጎዳቫሪ በተባለ ቦታ፣ በተራራ ግርጌ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ኢየሱሳዊ ሲባል ሱስንዮስ ትዝ ይለን ይሆናል። ይሁንና በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያደራጁትም ካናዳውያን ኢየሱሳውያን እንደነበሩ አይዘነጋም።

አባ ሞራንን ዓለም ያወቃቸው ግን በአማተር ሬድዮ ነው። የጥሪ ምልክታቸው 9ኤን1ኤምኤም ነበር። አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ ስለሚመለስ፣ በአነስተኛ ኃይል አህጉር ያቋርጣል። ለተራራ ወጪዎች መልእክት ያስተላልፉ ነበር። በየአገሩ ያለ አማተርም ኔፓልን ለማግኘት የሳቸውን ድምፅ ይጠብቅ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ከዚያ አገር በቋሚነት የሚሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩና።

ብቸኝነታቸው ለሳቸው ዝና ሆነ፤ ለኔፓል ግን ጉድለት ነበር። መሣሪያ ከውጭ ይገባል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ግን መንግሥት ነው። ዜጋው በራሱ ማሰራጫ ከዓለም ጋር እንዲነጋገር መፍቀድ ደግሞ ለብዙ መንግሥታት ቀላል አይደለም።

አባ ሞራን በ1992 አረፉ፤ ድምፃቸውም አብሮ ጸጥ አለ። ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም ያስተምራል። አንዱ በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ የቆመ ነበር፤ ሌላው ተተኪ አፍርቷል። በስደት ሆነን ስላገራችን ድምፃችንን የምናሰማ ወገኖች ልንጠያየቅ የሚገባን ይህንን ነው፦ እኛ ዝም ስንል የሚናገር ማንን አስተምረናል?