የባሕር ዳር ምሽግ ስም በደብረ ታቦር ደጋ

ከጣራ ገዳም ደን ተነሥቶ፣ የፎገራን ሜዳ በስተቀኝ እየተወ ወደ ጉና ተራራ የሚዘልቀው ደጋ ከቀይ ባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ አገር ነው። ሆኖም በዚህ ደጋ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ርቆ በሚገኘው በጋፋት፣ በ1859 ዓ.ም. ነሐስ ቀልጦ አንድ ታላቅ መድፍ ሲሠራ፣ የወጣለት ስም የባሕር ዳር ምሽግ ስም ነበር። ሴባስቶፖል ተባለ።

ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በክሪሚያ ልሳነ ምድር የተመሠረተ የሩሲያ ነገሥታት የጦር ወደብ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ተባብረው ይህን ምሽግ በመድፍ መደብደብ የጀመሩት በጥቅምት 1847 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሩሲያውያን ለቅቀው የወጡት በዚያው ዓመት በጳጉሜን ነው። የደጃች ካሣ ኃይሉ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በደረስጌ ማርያም የነገሡትም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። የአንዱ ምሽግ ከበባና የአንዱ ንጉሥ ዘውድ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ይህን ግንኙነት በኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ የሚፈልግ አንባቢ ግን ብዙ መድከሙ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1911 የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ ለመቅደላ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶታል፤ አምባውን ተፈጥሮ የሠራችው ምሽግ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ቦታውንም የሚያመለክተው ከጅቡቲ ጀምሮ ወደ ምዕራብ በመለካት ነው። ከመርከብ እንደ ወረደ ሰው ከባሕር ወደ ደጋ ያያል። እውነቱን ለመናገር፣ የመቅደላን ስም ወደ አውሮፓ መዝገብ ያስገባው ከባሕር የመጣ ጦር በመሆኑ አያስደንቅም።

በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ከዚያኛው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም የተሳተፉበት፣ አገሩን ከውስጥ ለማየት የጣረ ታላቅ ሥራ ነው። ችግሩ ያለው በሥርዓቱ ነው። በላቲን ፊደል ተራ ምክንያት ደብረ ታቦርና ጋፋት በሁለተኛው ቅጽ፣ ምጽዋና መቅደላ በሦስተኛው፣ ቴዎድሮስ ደግሞ በአራተኛው ይፈለጋሉ። ለጋፋትማ ሌላም ጣጣ አለበት፤ ከዓባይ ማዶ ይነገር የነበረውና ዛሬ የጠፋው ቋንቋ ስሙ ያው ጋፋት ስለሆነ፣ ያልተጠነቀቀ አንባቢ መድፉን ትቶ ከሰዋስው ውስጥ ይገባል። የፊደል ተራ ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን አንዱን ታሪክ አምስት ቦታ ይቆራርጠዋል።

አንድ ታሪክ መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ ምጽዋ ነው። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 ምጽዋን ከያዙ በኋላ፣ የደጋው ነገሥታት ጠመንጃም ሆነ መድፍ የሚያገኙት የወደቡ ጌታ ሲፈቅድ ብቻ ሆነ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ላይ መልክተኞቻቸውን በደኅና የሚያሳልፍ መንገድ የጠየቁት ቱርክ ባሕሩን ስለዘጋባቸው ነው። መልሱ ለዓመታት ሳይመጣ ቆየ፤ ወደቡም ጥቂት ቆይቶ ከቱርክ ወደ ግብፅ እጅ ተላለፈ። በባሕር የማይገባው መድፍ በአገር ውስጥ እንዲሠራ ግድ ሆነ። ስለዚህ የጋፋትን ምድጃ ያነደደው ከሩቅ ሆኖ የተዘጋው የባሕር በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ምክንያት ከጋፋት አንቀጽ ከጎደለ፣ የመድፉ ሥራ የአንድ ቁጡ ንጉሥ ምኞት ብቻ መስሎ ይቀራል።

በጋፋት የተሰበሰቡት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ነበሩ። መድፍ ማቅለጥ አያውቁም፤ የመጡትም መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነው። ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ ደግመው ሞክረው ተሳካላቸው። የቴዎፍሎስ ዋልድማየር ስም፣ የሞሪትዝ ሆል ስም፣ የኋላ ኑሯቸው ሳይቀር በጽሑፍ ይገኛል፤ አንዱ በሊባኖስ፣ ሌላው በጃፋ ኖረዋል። ጭቃውን ያቦኩት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ወናፉን የነፉት ኢትዮጵያውያን ግን ስማቸው ከየትኛውም አንቀጽ አልገባም። መጽሐፍ አዘጋጆችን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የጻፈላቸው አልነበረምና።

የመድፉ ክብደት 7 ቶን ያህል ነው። አልፎ አልፎ 70 ቶን ተብሎ ይነበባል፤ 70 ኩንታል የሚለው ተምታቶ ይሆናል። ያም ሆኖ 7 ቶን በሰው ጉልበት፣ መንገድ በሌለበት አገር መጎተት ቀላል አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተናደ፣ የጅጣና የበሽሎ ሸለቆ እየተጠረገ መንገድ ወጣ፤ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። የአውሮፓው ሴባስቶፖል ጠላቱን በባሕር ዳር ቆሞ ጠበቀ፤ የደብረ ታቦሩ ግን በሕዝብ ትከሻ የሚሄድ ምሽግ ነበር። ምሽግ ማለት ግንብ ብቻ ነው የሚል ኢንሳይክሎፔዲያ ይህን በየትኛው ርእስ ሥር እንደሚያስገባው ማየት ደግ ነው።

ጄኔራል ናፒር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ በዙላ ወደብ ወርዶ ሲመጣ፣ ቴዎድሮስ ያወጡት መንገድ በመጨረሻው ጉዞ ለእርሱም ጠቀመው። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ጦርነት በንጉሡ በራሳቸው ስም የተሰየመው ትልቅ መድፍ ሲተኮስ ፈነዳ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተያዘ፤ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች መጽሐፉንና ንዋየ ቅድሳቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወደ ባሕር ወረዱ። ሴባስቶፖልን ግን የሚያነሣው አልተገኘም፤ እዚያው መቅደላ ላይ ቀረ። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምሳሌው ነው።