ሁለቱ ጎረቤቶችና ጠመንጃ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። አንድ ሕዝብ ለጎረቤቱ የሚሰጠውን ስም ግን የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን የቆየ ታሪክ፥ አንዳንድ ጊዜም ቅናትና ኩራት ነው። የካናዳና የአሜሪካ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡት ስም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። ካናዳዊው አሜሪካዊውን ችኩል፥ ጉረኛና ጠመንጃ ወዳድ ይለዋል፤ አሜሪካዊውም በበኩሉ ካናዳዊውን ትሑት፥ ይቅርታ ማለት የሚያበዛና ለመንግሥት ያለ ልክ የሚታዘዝ አድርጎ ይሥለዋል። ከወገኖቻችን ብዙዎች በዋሽንግተንም በቶሮንቶም ስለሚኖሩ ይህ ወሬ ወደ እኛም ይደርሳል። ስለዚህ ከየት እንደ መጣና ምን ያህል እውነት እንዳለበት ልንመረምር እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። አፕሪል 19 ቀን 1775 የእንግሊዝ ወታደሮች በማሳቹሴትስ ውስጥ ኮንኮርድ በተባለች ከተማ ሕዝቡ ያከማቸውን የጦር መሣሪያ ሊይዙ በዘመቱ ጊዜ፥ ባላገሮቹ በየመንገዱ ተኩስ ከፈቱባቸው፤ የነጻነቱም ጦርነት በዚሁ ተጀመረ። እንዲህ ስለ ሆነ በአሜሪካዊው አእምሮ ጠመንጃና ነጻነት በአንድ ቀን የተወለዱ መንትዮች ሆነው ቀሩ። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያም በሚገባ የተደራጀ የሕዝብ ጦር ለነጻ መንግሥት ጸጥታ አስፈላጊ መሆኑን ገልጾ፥ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይነካ ደነገገ።

በዚያ ጦርነት ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ሆነው የቀሩት በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ግን ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ኒው ብራንስዊክ የተባለው ግዛት በ1784 የተቋቋመው በእነርሱ ምክንያት ነው። ለእነዚህ ስደተኞች ዐመፅ ቤታቸውንና ርስታቸውን ያሳጣቸው መከራ ነበር እንጂ የሚዘፈንለት ጀግንነት አልነበረም። የአሜሪካ የነጻነት ዐዋጅ በ1776 ስለ ሕይወት፥ ስለ ነጻነትና ደስታን ስለ መሻት ሲናገር፥ ካናዳን በ1867 ያቋቋመው ሕግ ፓርላማው ለሰላም፥ ለሥርዐትና ለመልካም አስተዳደር የሚሆን ሕግ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጠው። ሲይሞር ማርቲን ሊፕሴት የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ሊቅ የሁለቱን ሕዝቦች የጠባይ ልዩነት የሚያመጣው ከዚሁ ነው፤ አንደኛው ከአብዮት፥ ሁለተኛው አብዮትን ከመቃወም ተወለዱ ይላል።

ይህ ልዩነት በምዕራቡ ሜዳ ጎልቶ ታየ። በ1873 የካናዳ ፓርላማ የሰሜን ምዕራብ ፈረሰኛ ፖሊስን ለማቋቋም ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ተኩላ አዳኞች በሳይፕረስ ሂልስ የናኮዳን ነገድ ሰዎች ስለ ፈጇቸው የወሬው መድረስ ምልመላውን አፋጠነው። ፈረሰኞቹ በ1874 ወደ ምዕራብ ዘመቱ። በካናዳ እንዲህ ፖሊሱ ከሠፋሪው ሲቀድም፥ በአሜሪካ ግን ብዙ ጊዜ ሠፋሪው ከዳኛው ቀድሞ ደረሰ። በ1898 ወርቅ ፈላጊው ወደ ክሎንዳይክ በጎረፈ ጊዜ በአላስካ የምትገኘውን ስካግዌይን ሶፒ ስሚዝ የተባለ አታላይ ከነግብረ አበሮቹ ያምሳት ነበር፤ ከድንበሩ ማዶ ግን በሳም ስቲል የሚታዘዙት ፈረሰኞች ሕግ ያስከብሩ ነበር፤ በዶሰን ከተማም ሽጉጥ ታጥቆ መዞር ክልክል ነበር። ቀይ ኮት የለበሰው ፖሊስ የካናዳ፥ ሽጉጥ የታጠቀው ካውቦይ የአሜሪካ ምልክት የሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሆኖም ምልክት ከሚገልጠው ይልቅ የሚሸፍነው ይበዛል። በ1881 በአሪዞና በቱምስቶን የሆነውና በፊልም ዝነኛ የሆነው ተኩስ የተነሣው፥ የከተማው ሕግ መሣሪያ ይዞ መዞርን ስለ ከለከለ ሹማምንቱ የታጠቁትን ሰዎች ሊያስፈቱ በሄዱ ጊዜ ነው። ሰላማዊ በተባለችው ካናዳ ደግሞ በ1885 ሜቲስ የተባሉት ሕዝቦች በሉዊ ሪየል መሪነት መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ፤ ሪየልም ተሰቀለ፤ ከአገሬው ነገዶችም 8 ሰዎች በባትልፎርድ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ዛሬም ቢሆን ካናዳዊው ጠመንጃ የማያውቅ ሰው አይደለም። በጄኔቭ የሚገኘው ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2017 ለ100 ሰው በአሜሪካ 120.5፥ በካናዳ 34.7 መሣሪያ በሲቪሎች እጅ እንደ ነበረ ገምቷል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በ1865 የሚሲሲፒ ግዛት ከባርነት የወጡት ጥቁሮች ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዙ ከለከለ። በ1884 የካናዳ ሕግ መንግሥቱ ለአገሬው ነገዶች ጥይት እንዳይሸጥ ለማገድ የሚያስችለውን ሥልጣን ሰጠው። እንግዲህ መሣሪያ መያዝ መብት ነው በተባለበትም፥ ፈቃድ ነው በተባለበትም አገር እውነተኛው ጥያቄ «ለማን?» የሚል ነበር።

በቅርብ ዘመን ሁለቱም አገሮች በአንድ ዐይነት ኀዘን አልፈው ወደ ተለያየ ፍርድ ደርሰዋል። አሜሪካ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ከተገደሉ በኋላ በ1968 የመሣሪያ ሕጓን አጠበቀች። በካናዳም በ1989 በሞንትሪያል 14 ሴቶች በተገደሉ ጊዜ ሕዝቡ ተነሣሥቶ የ1995ቱ ሕግ ወጣ፤ ነገር ግን የገጠሩ አዳኞችና ገበሬዎች አጥብቀው ስለ ተቃወሙት የረጅም ጠመንጃ ምዝገባው በ2012 ተሻረ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ዜጎች መሣሪያ የመታጠቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌላቸው ሲያስረዳ፥ የአሜሪካው በ2008 በ5 ድምፅ ለ4 ሽጉጥ በቤት መያዝ የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው ብሎ ፈረደ። በ2022 ደግሞ አሜሪካ መብቱን ከቤት ውጭ ስታሰፋው፥ ካናዳ በዚያው ዓመት የሽጉጥ ሽያጭን አገደች።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ጠባይ ከደም የማይወረስ፥ ሕግና አጋጣሚ ቀስ በቀስ የሚሠሩት ነገር መሆኑን ነው። አሜሪካዊው «እኛ እንዲህ ነን» ካለ የሞተውን ቀብሮ ከመመለስ በቀር ማድረግ የሚችለው ነገር ያለ አይመስለውም፤ ካናዳዊውም «እኛ እንደ እነርሱ አይደለንም» እያለ ከተመጻደቀ በገዛ ቤቱ የሆነውን ግፍ ይረሳል። ስለዚህ አስተማሪም ሆነ ሹም የአንድን ሕዝብ ጠባይ ከመናገሩ አስቀድሞ፥ ያ ሕዝብ በየትኛው ሕግ ሥር፥ ማንንስ አስታጥቆና ማንን አስፈትቶ እንዳደገ ቢጠይቅ ለተማሪውም ለአገሩም ይበጃል።