የጥንቷ ግሪክ ሥልጣኔ እና ለዓለም ያወረሰችው

በአማርኛ «ዲሞክራሲ» የሚባለው በዕብራይስጥ «ዴሞክራትያ» ነው፤ «ፖለቲካ»ም «ፖሊቲካ» ይባላል። የሁለቱም ምንጭ ግሪክኛ ነው። በፋሲካ ሴዴር መጨረሻ ላይ የሚበላው «አፊቆማን»፣ የጥንቱ የአይሁድ ከፍተኛ ሸንጎ «ሳንሄድሪን»ም ስማቸው ከግሪክኛ የመጣ ነው። ከ2,500 ዓመት በፊት የኖረ ሕዝብ ቃሉ እስከ ዛሬ በየቤቱ የገባው እንዴት ነው?

አገሩ እና ፊደሉ

ግሪክ ተራራማ አገር ናት። የሚታረሰው መሬት ጠባብ ነው፤ ባሕሩ ግን በየአቅጣጫው ይገባል። ሕዝቡም በአንድ ንጉሥ ሥር አልተጠቃለለም። እያንዳንዱ ከተማ በዙሪያው ካለው ገጠር ጋር ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ይህም «ፖሊስ» ይባል ነበር፤ «ፖለቲካ» የሚለው ቃል ከዚህ ወጣ። ከከተሞቹ ስመ ጥር የሆኑት አቴንስ እና ስፓርታ ናቸው።

ፊደልን ግሪኮች አልፈጠሩትም። ከዘመናችን በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ግድም ከፊንቄያውያን ተቀበሉት። በዕብራይስጥ «አሌፍ፣ ቤት»፣ በግዕዝ «አልፍ፣ ቤት» የሚባሉት በግሪክኛ «አልፋ፣ ቤታ» ሆኑ። ግሪኮች የጨመሩት አናባቢ ድምፆችን ራሳቸውን በቻሉ ፊደሎች መጻፍን ነው።

የሕዝብ አገዛዝ እና ጉድለቱ

ከዘመናችን በፊት በ508 ክሌስቴኔስ የተባለ መሪ የአቴንስን አስተዳደር ለወጠ። ዜጎች ፕኒክስ በሚባል ኮረብታ ላይ ተሰብስበው ስለ ጦርነት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ እጅ እያወጡ ይወስኑ ጀመር። የ500 ሰዎች ምክር ቤት ጉዳዩን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ በኋላም አባላቱ በዕጣ ይወጡ ነበር። ለፍርድ ቤት ደግሞ በየዓመቱ 6,000 ሰው በዕጣ ይመደባል። ለዳኝነት የተቀመጠ ድሃ የዕለት እንጀራው እንዳይጓደልበት በፔሪክልስ ዘመን አበል ተቆረጠለት።

ነገር ግን «ሕዝብ» የተባለው ሁሉም ሰው አልነበረም። ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም። ባሮች የሰው ንብረት ነበሩ። ከሌላ አገር መጥተው የሚኖሩት «ሜቲክ» የሚባሉት ልዩ ግብር ይከፍላሉ፤ ጦርነት ሲመጣም ይዘምታሉ። ያም ሆኖ በሸንጎ ድምፅ አይሰጡም፤ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጣቸው በቀር መሬትም ቤትም መግዛት አይችሉም። ከዘመናችን በፊት በ451 የወጣ ሕግ ደግሞ አባቱም እናቱም አቴናውያን ካልሆኑ ሰው ዜጋ እንዳይሆን ከለከለ። ታላቁ ፈላስፋ አሪስቶትል የተወለደው ስታጊራ በምትባል ከተማ ስለነበር፣ ብዙ ዓመት ባስተማረባት በአቴንስ የኖረው እንደ መጻተኛ ነው።

የብዙኃን ድምፅም ይሳሳታል። ከዘመናችን በፊት በ399 ሶቅራጥስ «ወጣቶችን ያበላሻል፤ የከተማይቱን አማልክት አያከብርም» ተብሎ ተከሰሰ። በ500 ያህል ዳኞች ፊት ቀርቦ በድምፅ ብልጫ ሞት ተፈረደበት፤ መርዝ ጠጥቶም ሞተ። ጥፋቱ ሰውን መጠየቁ ነበር። ተማሪው ፕላቶን ስለ እርሱ ስለ ጻፈ ግን ስሙ አልጠፋም።

ሕክምና

ቆስ በምትባል ደሴት የተወለደው ሂፖክራጥስ እና ተከታዮቹ በሽታን በምክንያቱ መመርመር አስተማሩ። በእርሱ ስም ከተላለፉት መጻሕፍት አንዱ፣ የሚጥል በሽታ ከሌላው በሽታ ተለይቶ ከአማልክት የሚመጣ አይደለም፤ የአንጎል ሕመም ነው ይላል። ይህ በዚያ ዘመን ደፋር ቃል ነበር። ሐኪሞች ሲመረቁ የሚገቡት መሐላም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከአሌክሳንደር በኋላ

ታላቁ አሌክሳንደር ከዘመናችን በፊት በ323 ሲሞት ግዛቱ ከግሪክ እስከ ሕንድ ዳርቻ ደርሶ ነበር። የግሪክ ቋንቋም ከሠራዊቱ ጋር ተስፋፋ። በግብፅ በእስክንድርያ ብዙ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ልጆቻቸውም ግሪክኛ ተናጋሪ ሆኑ። ስለዚህ ከዘመናችን በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪት ወደ ግሪክኛ ተተረጎመ። ይህም የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ይባላል።

በእስራኤል ምድር ግን የግሪክ ሥልጣኔ በሰይፍም መጣ። ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ ከዘመናችን በፊት በ167 ሰንበትን እና ግርዛትን ከለከለ፤ ቤተ መቅደሱንም አረከሰ። መቃብያን ተነሥተው ከሦስት ዓመት በኋላ ቤተ መቅደሱን አነጹት። የሐኑካ በዓል የሚከበረው ለዚህ መታሰቢያ ነው።

እስከ አክሱም

የግሪክኛ መንገድ አክሱምም ደርሷል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ንጉሥ ኢዛና ድሉን በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ከግዕዝ ጋር ግሪክኛም ተጠቅሟል። በአክሱም ገንዘብ ላይም የግሪክ ጽሑፍ ነበር። ቄሶች በግዕዝ የሚያነቡት ኦሪትም የተተረጎመው ከዚያው ከእስክንድርያው የግሪክኛ ትርጉም ነው። የግዕዝ ቁጥሮች፣ ፩፣ ፪፣ ፫ የሚባሉት፣ መልካቸው የተወሰደው ግሪኮች ለቁጥር ከሚጠቀሙባቸው ፊደሎች ነው፤ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ።

የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ስለ ግሪክ ሲያጠና አያቱ ከአጠገቡ ተቀምጠው እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ቢጽፉለት፣ መምህሩ ያላስተማሩትን ትምህርት ያገኛል።